ዱርዬ ወይስ ፋራ? ከአንድ የፍቅር ዘፈን ጀርባ ያለ ዜና

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አንድ የአሜሪካ ዘፈን ነው። ዘፈኑ «ቲንኤጅ ደርትባግ» ይባላል። ያወጣው ዊተስ የተባለ ባንድ ሲሆን የወጣውም በ2000 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) «የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፖፕ ሮክ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። አገባኝ፤ ምክንያቱም ይህን የፍቅር ዘፈን ያስጻፈው ዜና ነው። ያውም በጥድፊያ የተጻፈ ዜና።

መጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ቦታው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ተራኪው ልጅ ኖኤል የምትባል ተማሪ ይወዳል። እሷ ግን በዓለም ላይ መኖሩንም አታውቅም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ያያታል፣ ጫማዋንና ካልሲዋን ሳይቀር ልቡ ውስጥ አስቀምጧል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም የለም። ኖኤል ደግሞ ፍቅረኛ አላት። ጉልበተኛ ነው፣ መኪና አለው፣ ነገሩን ቢሰማ ተራኪያችንን አጥንት አጥንቱን እንደሚለው የታወቀ ነው። በመጨረሻ የተማሪዎቹ የዳንስ ምሽት ይመጣል። ልጁ ብቻውን አንድ ጥግ ቆሟል። ያኔ ኖኤል ወደ እሱ ትመጣና ሁለት የአይረን ሜይደን ኮንሰርት ትኬት እንዳላት ነግራ ዓርብ አብረን እንሂድ ትለዋለች። እሷም እንደሱው «ደርትባግ» ሆና ተገኘች ማለት ነው። በቃ፣ ዘፈኑ እዚህ ላይ ያልቃል።

ለመሆኑ «ደርትባግ» ምንድን ነው? ቃል በቃል ሲተረጎም የቆሻሻ ከረጢት ነው። በዘፈኑ አገር በነበረው አነጋገር ግን ፀጉሩን ያሳደገ፣ የጂንስ ጃኬት የሚለብስ፣ ሄቪ ሜታል የሚሰማና ከትምህርት ቤት ጀርባ ቆሞ ሲጋራ የሚያጨስ ጎረምሳ ነው። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስሞክር ሁለት ቃል መጣልኝ። አንዱ «ዱርዬ»፣ ሌላው «ፋራ»። በኛ ዘንድ ሁለቱ በጣም የተራራቁ ናቸው። ዱርዬ የሚፈራ ነው፤ ሲመጣ ቦርሳህን አጥብቀህ ትይዛለህ። ፋራ የሚሳቅበት ነው፤ ወሬው አይያዝለትም፣ ሴት ፊት ሲቆም ላብ ያጠምቀዋል። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛል። የዘፈኑ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ልጁን ከተማው «ዱርዬ» ይለዋል፣ እሱ ግን ከላይ እስከ ታች ፋራ ነው።

«ከተማው» ያልኩት ለማሳመር አይደለም። እውነተኛ ከተማ አለ። ኖርዝፖርት ይባላል፤ ከኒውዮርክ ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በሎንግ አይላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኝ ወደብ ያለው ትንሽ ቦታ ነው። የዊተስ መሪ፣ ዘፋኝና የዘፈኑ ደራሲ ብሬንዳን ብራውን ያደገው እዚያ ነው። በ1984 የበጋ ወራት በኖርዝፖርት አንድ አሰቃቂ ግድያ ተፈጸመ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከከተማው አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ በእኩያው በስለት ተገደለ። ሬሳው እዚያው ጫካ ውስጥ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ነው የተገኘው። ተጠርጣሪው ሲያዝ የኤሲዲሲ ባንድ ስም ያለበት ካናቴራ ለብሶ ነበር። ፖሊሶች ይዘውት ሲሄዱ የተነሣው ፎቶ በመላ አሜሪካ ዞረ። ልጁም ከተያዘ ከሁለት ቀን በኋላ እስር ቤት ውስጥ ራሱን ገደለ። ስለዚህ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያለውን የመናገር ዕድል አላገኘም፤ የቀረው ፎቶውና ካናቴራው ነው። (የሁለቱን ልጆች ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ቤተሰቦቻቸው ሲበቃቸው ነው።)

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖሊስ የሰጠው መግለጫ ስለ ሰይጣን አምላኪዎች ቡድንና ስለ መሥዋዕት ነበር፤ ጋዜጦቹም እንደ ወረደ ተቀበሉት። ኋላ ላይ ግን ጉዳዩ ሲጣራ ከግድያው ሥር የነበረው የተሰረቀ ዕፅ ያስነሣው ጠብ እንደሆነ ታወቀ። አብሮ ተከሶ የነበረው ሌላ ወጣትም በ1985 በነፃ ተለቀቀ። እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብኝ። የሰይጣኑ ነገር ሙሉ በሙሉ ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። ገዳዩ በእንዲህ ዓይነት ነገሮች ይማረክ ነበር፣ በዚያች ሌሊትም ሟቹን ሰይጣንን እንደሚወድ እንዲናገር አስገድዶታል ተብሏል። ግን ይህ ሌላ፣ «የተደራጀ አምልኮ ልጆችን ይሠዋል» ማለት ሌላ።

እስቲ ክፍል ውስጥ እንደምንሠራው አድርገን ለዚህ ዜና ሁለት መግቢያ እንጻፍለት። ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። አንደኛው፦ አንድ ወጣት እኩያውን በሰይጣን አምልኮ ሥርዓት ላይ ገደለ። ሁለተኛው፦ አንድ ወጣት ከዕፅ ስርቆት በተነሣ ጠብ እኩያውን ገደለ። ሟቹ ያው ነው፣ ስለቱ ያው ነው፣ ጫካው ያው ነው። አሁን ራሳችሁን በዚያ ከተማ በሚኖር ወላጅ ቦታ አስቀምጡ። ሁለተኛውን ካነበባችሁ ልጃችሁ ዕፅ ይወስድ እንደሆነ ትጠይቃላችሁ። አንደኛውን ካነበባችሁ ግን የልጃችሁን ካሴቶች ትፈትሻላችሁ።

ያኔ ብራውን የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ኤሲዲሲን፣ ሜታሊካንና አይረን ሜይደንን የያዘ የካሴት መያዣውን እያንጠለጠለ የሚዞር የሮክ ነፍስ። ከዓመታት በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች እንደተናገረው፣ ከዚያ በጋ በኋላ ወላጆቹም መምህራኑም ፖሊሶቹም እሱን የሰይጣን አምላኪ ነገር አድርገው ያዩት ጀመር። የ10 ዓመት ልጅ! የዘፈኑ አዝማችም የዚያ መልስ እንደሆነ ተናግሯል፤ አዎ፣ ያላችሁኝን ነኝ፣ ካልጣማችሁ እንደ ፍጥርጥራችሁ ዓይነት መልስ። እኛ አዝማቹን የተናቀ አፍቃሪ ልቅሶ አድርገን ነው የምንሰማው። እሱ ግን ሲጽፈው ስድቡን ተቀብሎ እንደ ልብስ ለብሶታል።

በነገራችን ላይ ያ ሁሉ ሰው የፈራው የኤሲዲሲ ስም ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በዘመኑ በአሜሪካ ፊደሎቹን «ፀረ ክርስቶስ» ከሚል ሐረግ ጋር የሚያያይዝ ወሬ ይናፈስ ነበር። እውነቱ ግን ያስቃል። የባንዱ መሥራች የሆኑት የያንግ ወንድማማቾች እህት ስሙን ያገኘችው ከልብስ ስፌት መኪና ላይ ነው። ተለዋዋጭና ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሲንጀር ቤታቸው ያለ እናቶች ሁሉ ይጠንቀቁ!

ፍርሃቱ የኖርዝፖርት ብቻ አልነበረም። በ1985 ቲፐር ጎርን ጨምሮ በዋሽንግተን ባለሥልጣናት ሚስቶች የተቋቋመ ቡድን አደገኛ ናቸው ያላቸውን 15 ዘፈኖች ዘረዘረ። ከመካከላቸው የኤሲዲሲ አንድ ነበረበት። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የአሜሪካ ሴኔት ጉዳዩን ሰማ። ዘፋኞቹ ፍራንክ ዛፓ፣ ጆን ዴንቨርና ዲ ስናይደር ቀርበው ተከራከሩ። ስናይደር ራሱ የሎንግ አይላንድ ልጅ ነው። ከዚያ ነው በካሴትና በሲዲ ሽፋን ላይ ወላጆችን የሚያስጠነቅቀው ምልክት የመጣው። በ1992 ደግሞ የኤፍቢአዩ ኬኔት ላኒንግ ባወጣው ጽሑፍ በየቦታው ስለሚወራው የተደራጀ የሰይጣን አምልኮ ግድያ ማስረጃ አለመገኘቱን ገለጸ። ስምንት ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። የማስተባበያ ዕጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ዜናው በፊት ገጽ ይወጣል፣ ማስተባበያው ልጆቹ ካደጉ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ዘፈኑ እንመለስና አንድ ነገር አስተውሉ። በታሪኩ ውስጥ የጦር መሣሪያ አለ። ግን ሽጉጡን ትምህርት ቤት ይዞ የሚመጣው ማን ነው? ባለ ካናቴራው፣ ባለ ፀጉሩ፣ ሁሉ የሚጠረጥረው ልጅ አይደለም። መኪና ያለው፣ ቆንጆዋ የምትወደው፣ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ፍቅረኛዋ ነው። ብራውን ይህን አያብራራም፣ በአንዲት መስመር ጥሎት ያልፋል። እኔ ዘፈኑን ብዙ ጊዜ ከሰማሁት በኋላ ነው ቆም ብዬ ያሰብኩት፤ አስፈሪ የተባለው ልጅ አንድ ጥግ ቆሞ ስለ ካልሲ ያልማል፣ የተከበረው ልጅ ግን መሣሪያ ታጥቋል።

የሚገርመው ያ ቃል ከዘፈኑ መቆረጡ ነው። በሬዲዮ በተላለፈው ቅጂ «ሽጉጥ» የሚለው ቃል የሚመጣበት ቦታ ላይ የሸክላ መፋቂያ ድምፅ ይሰማል። ምክንያቱ አያስቸግርም። ዘፈኑ የወጣው በ1999 በኮሎራዶ፣ ኮለምባይን በተባለ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ጭፍጨፋ ከፈጸሙ አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ነው። ያኔም ቢሆን መገናኛ ብዙኃኑ በመጀመሪያ የሮጡት ወደ ልብስ ነው። ገዳዮቹ ረጅም ጥቁር ካፖርት የሚለብሱ ልጆች ቡድን አባላት ናቸው ተባለ፣ ዘፋኙ ማሪሊን ማንሰን ተወነጀለ። በ2009 ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ ያሳተመው ጋዜጠኛ ዴቭ ከለን ግን አብዛኛው የመጀመሪያ ቀናት ወሬ ስሕተት እንደነበር አሳይቷል። በ1984 ካናቴራ፣ በ1999 ካፖርት። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ደግሞ ፀጉር ነበር። ፀጉሩን ያጎፈረ ልጅ ካለ የጠፋው ሞባይል ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚፈለገው።

ስለ ሙዚቃው ጥቂት ልበል። ዘፈኑ የሚጀምረው በአኩስቲክ ጊታር ነው፣ ከሥሩ ከሂፕ ሆፕ የመጣ የሚመስል ከበሮ አለ። አዝማቹ ሲደርስ ይጮኻል። ሄቪ ሜታልን የሚያወድስ ዘፈን ሆኖ ራሱ ሄቪ ሜታል አለመሆኑ ደስ ይለኛል፤ ልጁ ኮንሰርቱ ላይ ሳይሆን መኝታ ቤቱ ውስጥ እንዳለ ያስታውቃል። ቀረጻውም እንደዚያው ነው፣ የብራውን ቤተሰብ ቤት ውስጥ ነው የተሠራው። ከበሮውን የመታውም ወንድሙ ፒተር ነው።

ዋናው ነገር ግን ድምፁ ነው። ብራውን በጣም ቀጭን ድምፅ አለው። በመጨረሻ ኖኤል ስትናገር የምትሰማው የሴት ድምፅ ብዙ ሰው ሌላ ዘፋኝ ይመስለዋል፣ እኔ የማውቃቸው በሙሉ እንደዚያ ነው የሚያስቡት። አይደለም። እሱው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የእሷንም ክፍል ዘፍኖታል። እዚህ ላይ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር አልተስማማንም። እነሱ «በመጨረሻ አገኛት፣ አለቀ» ይላሉ። እኔ አላገኛትም ባይ ነኝ። ተራኪው ራሱ ስትመጣ ሲያያት አያምንም። ከዚያ የምትናገረው በእሱ ጉሮሮ ነው፣ የምትለውም እሱ ሲል የነበረውን ነው፣ የያዘችው ትኬትም እሱ የሚወደውን ባንድ። ሳይነግሯት የወደደ ሰው ሁሉ ያደርገዋል እኮ ይሄን። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ የእሱንም የእሷንም ንግግር ራሱ ይጽፋል። እሷም ሁልጊዜ ትክክለኛውን መልስ ትመልሳለች።

ይሁን እንጂ የነሱን አስተያየት የሚደግፍ አንድ ነገር አለ፤ ትኬቱ። አይረን ሜይደን የእንግሊዝ ባንድ ነው፣ በ1982 ባወጣው አልበም ምክንያት በአሜሪካ ሰዎች ሸክላውን ያቃጠሉበት። ኖኤል የዚያን ባንድ ትኬት ከያዘች እሷም ከተማው የሚፈራውን ነገር ደብቃ ትወድ ነበር ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ጥሩዋ ልጅ መስላ የኖረችው እሷ ናት፣ ደርትባግነቱ በፊት ያልታየባት። ይህ ከኔ ሐሳብ የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። ግን አልተሸነፍኩም።

ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ያለፈበትን መንገድ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ2000 «ሉዘር» ለተባለ ፊልም ማጀቢያ ገባ። ፊልሙን ያዘጋጀችው ኤሚ ሄከርሊንግ ናት፣ ጄሰን ቢግስና ሜና ሱቫሪ ይተውኑበታል። ሁለቱ በዘፈኑ ክሊፕ ውስጥም አሉ። ፊልሙ ብዙም አልተወደደም፣ ዘፈኑ ግን ተረፈ። የሚደንቀው በገዛ አገሩ ታላቅ ተወዳጅ አልነበረም። አንደኛ የወጣው በአውስትራሊያ ነው፤ በእንግሊዝ በ2001 ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በአሜሪካ በሮክ ሬዲዮዎች ሰንጠረዥ ሰባተኛ ከመሆን አላለፈም። የኖርዝፖርትን ወሬ ጭራሽ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ዘፈኑን ያነሡት።

ትዝታውስ? እዚህ ላይ መኪናዋን እዩልኝ። የኖኤል ፍቅረኛ የሚነዳት ካማሮ ከ1985 እስከ 1990 ብቻ የተመረተ ዓይነት ናት። ዘፈኑ በ2000 አዲስ ሆኖ ሲወጣ ታሪኩ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ማለትም በተወለደ ቀን ትዝታ ነበር። እኛ ለዚህ ስሜት ስም ብቻ ሳይሆን ቅኝት አለን፣ ትዝታ ብለን ስንጀምር ገና ግጥሙ ሳይመጣ ጆሯችን ያዝናል። አሜሪካኖቹ እንደዚያ ያለ ቅኝት ስለሌላቸው ይመስላል በመኪና ሞዴልና በባንድ ስም የሚሠሩት።

ከዚያ ትዝታው ላይ ሌላ ትዝታ ተደረበ። በ2013 ዋን ዳይሬክሽን የተባሉት የእንግሊዝ ልጆች በጉዟቸው ላይ ዘፈኑት። የሚሊዮን ሴቶች ልብ የያዙ ልጆች «ማንም አያውቀኝም» ብለው ሲዘፍኑ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። በ2022 ደግሞ በቲክቶክ ላይ ሰዎች ዘፈኑን ከጉርምስና ዘመን ፎቷቸው ጋር እያያያዙ መለጠፍ ጀመሩ፤ የጥርስ ሽቦ፣ የተበላሸ የፀጉር ቁርጥ፣ ጥቁር ኩል። ታዋቂ ሰዎችም ሳይቀሩ ገቡበት። እኔም ዘፈኑን ያወቅኩት ያኔ ነው፣ መሰናዶ እያለሁ። ከኔ በዕድሜ እንደሚበልጥ የሰማሁት ቆይቼ ነው፤ ያልኖርኩበትን ዘመን ናፈቅኩ።

ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ተለወጠ። ሁሉም ሰው «እኔም ደርትባግ ነበርኩ» አለ። ቆንጆዎቹም፣ ጎበዝ ተማሪዎቹም፣ ምናልባት ያኔ ባለ ካማሮ የነበሩትም ጭምር። ቃሉ ቆዳው ተገፈፈና «ዱርዬ»ው ወጥቶ «ፋራ»ው ብቻ ቀረ። ፋራነት ካለፈ በኋላ ያምራል፣ ይሳቅበታል፣ ይለጠፋል። ፖሊስ አስቁሞ ካሴትህን ሲፈትሽ የነበረውን ግን በፎቶ አትለጥፈውም። በኔ አመለካከት ዘፈኑ በዓለም ላይ የተወደደው ግማሹ ስለተረሳ ነው። ይህን ስል ተወዳጆቹን እየወቀስኩ አይደለም፣ እኔም በግማሹ ነው የወደድኩት።

ዊተስ አሁንም ይዘፍናል። ብራውን ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ የመጀመሪያውን አልበም እንደ አዲስ ቀርጿል፤ ያን ቀጭን ድምፅ አሁንም ይደርስበታል፣ የኖኤልንም ክፍል ራሱ ነው የሚዘፍነው። መድረክ ላይ ሲወጡ ደግሞ የዘፈን ዝርዝር ይዘው አይመጡም፣ ቀጥሎ የሚጫወቱትን ከታዳሚው እየጠየቁ ነው የሚጫወቱት። ይህን ዘፈን ማንም ሳይጠይቃቸው ያለፈ ምሽት ይኖር ይሆን? እንጃ፣ አይመስለኝም።